ጥቁሮቹን ቁልፎች ያገኘቻቸው ብቻዋን ነው

ኪቦርዱ ቤታችን የገባው ልጄ 7 ዓመት ልትደፍን ሁለት ወር ሲቀራት ነው። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ በካርቶን ይዛው መጣች። ባለ 61 ቁልፍ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥንና ሶኬቱን ሰካንላት። ሚጣዬ በአንድ ጣቷ አንዱን ነጭ ቁልፍ ጫን አደረገችው። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ዝም ብላ ጠበቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም በልቤ «እንግዲህ ይቺን ልጅ ምን ላድርጋት?» አልኩ።

ይኸው ሦስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ ጥያቄ ይዛ መጣች። ለልጇ ኪቦርድ ገዝታለታለች። «አስተማሪ ልቅጠርለት ወይስ ራሱ ከዩቲዩብ ይማር? ዛሬ ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ አይደል?» አለችኝ። በሻይ ሰዓት የሚያልቅ ወሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። አስተማሪ ያስፈልገዋል። በተለይ መጀመሪያ ላይ። ልጅ ብቻውን ምንም አይማርም ማለቴ አይደለም። የኔ ልጅ እስከ ዛሬ ካወቀችው ሁሉ ትልቁን ነገር ያገኘችው ብቻዋን ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። ግን የእጅ ነገር አለ። እጅ መጀመሪያ የለመደውን በቀላሉ አይለቅም።

ይህን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ አማርኛ ስጽፍ ነው የምውለው። ሥራ ስጀምር ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ፊደሎቹን በዓይኔ እየፈለግሁ በሁለት ሌባ ጣቶቼ ለመድኩት። እየዋልኩ እያደርኩ ፈጠንኩ፤ ሥራዬንም በሰዓቱ አደርሳለሁ። አጠገቤ ግን ድሮ በታይፕ የሠለጠኑ አንድ እናት ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። አሥሩም ጣታቸው ይሠራ ነበር። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ወደ እጃቸው አያዩም። እያንዳንዱ ጣት ቤት አለው፤ ሄዶ ነክቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንደሳቸው ለመሆን ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁለቴም ሥራ ሲበዛብኝ ጣቶቼ ወደ ድሮው መንገዳቸው ተመለሱ። ዛሬም አቀርቅሬ ነው የምጽፈው፤ ማታ ማታ አንገቴን የሚይዘኝ በዚህ ነው።

ወደ ሚጣ ልመለስ። ኪቦርዱ ከመጣ ሦስት ሳምንት ያህል ሆኖታል። ወጥ ቤት ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው። ከሳሎን እስከዚያ ቀን ዝብርቅርቅ ድምፅ ብቻ ነበር የሚመጣው። በድንገት ዜማ የሚመስል ነገር ሰማሁ። የኛ ዜማ። ማማሰያውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ነው የምትነካው። «እማዬ፣ ነጮቹን ስተዋቸው የኛ ዘፈን ይሆናል» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ኋላ ነው የተማርኩት። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ነው የተደረደሩት። አምስት ናቸው፤ ከዚያ እንደገና ይደገማሉ። ሦስት ከሆኑት ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ወደ ቀኝ ብትሄዱ፣ አምስቱ ድምፆች ትዝታ ይሆናሉ። ሙዚቀኞች ትዝታ ሜጀር የሚሉት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ከምንላቸው ቅኝቶቻችን አንዱ ማለት ነው፤ ሁሉም በአምስት በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። ኪቦርድ ያላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት።

ይህን አንድም ሰው አልነገራትም። በዚያ ሰሞን አስተማሪ ቢኖራት ነጮቹ ላይ ዶ ሬ ሚ ስትቆጥር ነበር የምትውለው። ብቻዋን ስለሆነች፣ የሚያስቸኩላት ስለሌለ፣ አገኘችው። ለዚህ ነው ልጅ ብቻውን ከመሣሪያው ጋር የሚቀመጥበትን ሰዓት እንደ ባከነ ሰዓት የማላየው።

ቀጥሎ የመጣው ዓመት የስልክ ዓመት ነው። ባለቤቴ አንድ አፕ ጫነላት። ባለቀለም መስመሮች ከላይ ይወርዳሉ፤ ቁልፉ ላይ ሲደርሱ ያንን ቁልፍ መንካት ነው። ስልኩ ድምፁን ይሰማል፤ ልክ ከሆነ ኮከብ ይሰጣል። በሁለት ወር ውስጥ የቤትሆቨንን አንድ የታወቀ ቁራጭ መግቢያውን መጫወት ቻለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ተጫወችላቸው» እንላታለን። ሁሉም ያጨበጭባል። እኛም ደስ ይለናል። አስተማሪ የሚባል ሐሳብ ከቤታችን ጠፋ።

አንድ እሑድ ጎኗ ተቀመጥኩና ድምፁን ትቼ እጇን ብቻ አየሁ። በሌባ ጣቷና በመሐል ጣቷ ነው የምትሄደው። አውራ ጣቷ ከቁልፎቹ ውጪ ተንጠልጥሏል። ትንሿ ጣቷ ሽቅብ ቆማለች። የእጇ አንጓ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተኝቷል። ስትጨርስ እጇን ገልብጬ አየሁት። ጠርዙ ቆዳዋ ላይ ቀይ መስመር አውጥቷል። ስልኩ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ ሦስት ኮከብ ሰጣት። ስልኩ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ያውቃል። በየትኛው ጣት እንደተነካ ግን አያይም፤ አንጓዋ ላይ ያለውንም መስመር አያይም። እኔ ያየሁት የራሴን ሁለት ጣቶች ነው።

በማግስቱ አስተማሪ ማፈላለግ ጀመርን። ሰው በሰው አንድ መምህር ተገኘ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ድረስ ይመጣል። ሙያውን ያውቃል፤ በዚያ አላማውም። በመጀመሪያው ቀን ሚጣ በሩ ላይ ተቀብላ እጁን እየጎተተች ወደ ኪቦርዱ ወሰደችው። ጥቁሮቹን ልታሳየው ነው። ጀመረች። እሱ እጇን ቀስ አድርጎ አነሳና «እነሱ ገና አልደረስንባቸውም» አላት። መጽሐፉን ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ብቻ ሆነ። ስትሳሳት በእርሳሱ ጀርባ ጣቷን መታ ያደርጋታል። አያምም። ግን በእያንዳንዱ መታ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ሲወጣ አየዋለሁ።

አምስተኛው ቅዳሜ ላይ «ሆዴን አመመኝ» አለች። ስድስተኛውም ላይ። ዘጠነኛው ላይ በሩ ሲንኳኳ ከቤቱ ጠፋች። አልጋ ሥር ገብታ አገኘኋት። ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። የዚያኑ ቀን ትምህርቱን አቆምነው። ኪቦርዱን ነጠላ አለበስነው፤ አራት ወር እንደዚያው ቆየ። በዚያ አራት ወር ውስጥ ነጠላው አንድም ቀን አልተነሳም። ያ ነጠላ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። ከአምስተኛው ቅዳሜ በፊት ማቆም ነበረብኝ። ልጅ ሆዴን አመመኝ ሲል ሁልጊዜ ሆዱን አይደለም።

«በቃ አስተማሪ ይቅርብን፤ ከፈለገች ብቻዋን ትጫወት» ብዬ ቆርጬ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው።

አንደኛው የአክስቴ ልጅ ነው። በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይጫወታል። ያስተማረው የለም። መዝሙር አንዴ ይሰማና ያወጣዋል። ጆሮው ያስደንቃል። «አየህ፣ አንተ ብቻህን ነው የለመድከው» አልኩት፤ ሐሳቤን እንዲደግፍልኝ ፈልጌ ነው። እሱ ግን ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ ሁሉንም መዝሙር የሚጫወተው በለመደው አንድ ቦታ ላይ ነው። ዘማሪው ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ ትራንስፖዝ የሚለውን ትንሽ ቁልፍ ይጫናል፤ ኪቦርዱ ራሱ ያስተካክልለታል። አንድ ቀን ሠርግ ላይ እውነተኛ ፒያኖ ፊት አስቀመጡት። እዚያ ላይ ያ ቁልፍ የለም። የሚያውቀውን መዝሙር መጫወት አቃተው። «ጆሮዬን ማንም አልሰጠኝም» አለኝ። «እጄን የሚያይልኝ ሰው ባገኝ ግን አሥር ዓመት አላጠፋም ነበር።» ይህን ሲል አልሳቀም።

ሁለተኛው አባቴ ናቸው። በልጅነታቸው ጎጃም ዜማ ቤት ገብተው ተምረዋል። ድጓ በሚባለው የዜማ መጽሐፍ ላይ ከፊደሎቹ በላይ ደቃቅ ምልክቶች አሉ፤ ዜማውን የሚጠቁሙ። «ታዲያ ምልክቱ ካለ መምህር ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምልክቱ ያስታውስሻል እንጂ አያስተምርሽም። ዜማ የሚወሰደው ከመምህር አፍ ነው» አሉኝ። ሌሊት ተማሪው ለብቻው የተማረውን ይመላልሰዋል። ጠዋት መምህሩ ፊት ሄዶ ያሰማል። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ማንሳት ያለበትን ከጣለ እዚያው ያስቆሙታል። እንደገና ይላል። «ብቻዬን ያደርኩበት ባይኖር ጠዋት የማሰማው የለኝም» አሉ አባቴ። «መምህሩ ባይሰሙኝ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና የማድረው ስሕተቴን ነበር።»

ስሕተትን ማጥናት። ያ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የስልኩ ዓመት ያ ነበር። ልጄ ሰነፍ አልነበረችም፤ በየቀኑ ታጠና ነበር። የተሳሳተ እጅ ታጠና ነበር።

ብዙ ሰው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ምሳሌ አድርጎ ያነሳል። በ1916 ዓ.ም. የተወለዱት፣ በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት ፒያኖ ደራሲዋ መነኩሴ። «ገዳም ውስጥ ብቻቸውን ነው የተጫወቱት» ይባላል። እውነት ነው፤ ያ ብቸኝነት ሙዚቃቸው ውስጥ ይሰማል። ግን ከዚያ በፊት ምን ነበር? በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ተምረዋል። ኋላም ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ሥር ሆነው ተምረዋል። ብቻቸውን ሲቀመጡ እጃቸው ውስጥ ያ ሁሉ ትምህርት ነበረ።

«አሁንማ ዕድሜዋ አለፈ» ለሚሉኝ ዘመዶቼ ደግሞ የማነሳው ፒያኒስቱን ግርማ ይፍራሸዋን ነው። ክራር እየተጫወተ ነው ያደገው። ፒያኖን የተዋወቀው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ በ16 ዓመቱ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተማረ። ከአራት ወር ነጠላ በኋላ ይህን ማወቄ ብቻ ልቤን አሳርፎታል።

ሁለተኛዋ መምህርት ሙዚቃ የተማረች ወጣት ናት። ሚጣ «ሚስ» ነው የምትላት። ቤቷ እውነተኛ ፒያኖ አላት፤ 88 ቁልፍ ያለው። መጀመሪያ ቀን መጽሐፍ አልተከፈተም። «የምትወጂውን ተጫወችልኝ» አለቻት። ሚጣ የቤትሆቨኑን ልትጀምር ቁልፉን ነካች። ድምፅ የለም። እንደገና ነካች፤ የለም። ደንግጣ አየችኝ። ኪቦርዳችን ሲነኩት ወዲያው ነው የሚጮኸው። እዚህ ግን ቁልፉ መዶሻ ያነሳል፤ መዶሻው ሽቦውን ካልመታ ድምፅ አይወጣም። በጣት ጫፍ ብቻ አይሆንም፤ ክንድ ክብደቱን መስጠት አለበት። ሚስ ይህን አላብራራችም። «ዝሆን ሆነሽ ንኪው» አለቻት ብቻ። ነካችው። ቤቱ ሞላ።

የቤትሆቨኑን ስትጫወት ሚስ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እጇን ከጎን ታየዋለች። ኖታ አታይም፤ ፊቷንም አታይም። እጇን። «አሁን ከመሐል ጀምሪልኝ» አለቻት። ሚጣ አልቻለችም። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ካልተነሳች አይሆንላትም። ሚስ ምንም አላለችም። «ሌላ የምታውቂው አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ እኔን አየች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ እንደምትቀጣ ዓይነት፣ እጇን ወደ ጥቁሮቹ ወሰደች።

ሚስ ከግራዋ በኩል ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከታች በኩል ሁለት ጥቁር ቁልፎችን እየመላለሰች ትነካላት ጀመር። ሚጣ ከላይ ዜማውን ትሄዳለች። አሥር ደቂቃ ያህል አብረው ተጫወቱ። እኔ ሶፋው ላይ ቦርሳዬን አቅፌ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አልጋ ሥር የገባችው ልጅ ናት ይህቺ።

የመጀመሪያው እርማት ጣት ላይ አልነበረም። ወንበሩ ላይ ነበር። ጋቢ አራት አጥፋ ሥሯ አስቀመጠችላት። እግሯ ተንጠልጥሎ ስለነበር ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ አደረገችላት። ክንዷ ከቁልፎቹ እኩል ሆነ። አንጓዋ ከጠርዙ ተነሳ። አንድ ዓመት ሙሉ የምግብ ጠረጴዛው ለቁመቷ ከፍ ማለቱን ማናችንም አላሰብነውም። ቤት ስንገባ የኛንም ጋቢ አራት አጠፍነው።

ከባዱ አውራ ጣት ነው። በአንድ እጅ አምስት ጣት አለን፤ ከዶ እስከ ዶ ግን ስምንት ድምፅ ነው። ስለዚህ በቀኝ እጅ ዶ፣ ሬ፣ ሚ በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ይኬዳል። ከዚያ አውራ ጣት በመሐል ጣት ሥር ሾልኮ ፋ ላይ ይደርሳል፤ ቀሪዎቹን አምስቱ ጣቶች በተራ ይጨርሷቸዋል። ስታነቡት ቀላል ነው። የኔ ልጅ ሰባት ሳምንት ፈጀባት። አውራ ጣቷ ከውጪ መንጠልጠል ለምዷል፤ ግባ ሲሉት አይገባም። ሁለት ጊዜ አለቀሰች። ከሷ ጋር የጀመረ፣ ምንም የማያውቅ አንድ ትንሽ ልጅ በሁለት ሳምንት ቻለው። ሚስን ጠየቅኋት። «እሱ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ እሷ ግን መጀመሪያ መርሳት አለባት» አለችኝ። እነዚያ ሰባት ሳምንታት የስልኩ ዓመት ዕዳ ናቸው። የከፈለችው ግን እሷ ናት።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ትማራለች። በየሳምንቱ ለመክፈል አቅማችን አይፈቅድም። በመሐል ባለው ሳምንት እጇን ከጎን በስልክ እንቀርጽና አንድ ደቂቃ ቪዲዮ በቴሌግራም እንልካለን። ሚስ «አንጓ!» ብላ በድምፅ ትመልሳለች። ያው ስልክ ነው፤ አሁን ግን ከኋላው የሚያይ ሰው አለ። አስተማሪ በቅርብ ለማታገኙ ይህን እመክራለሁ። በወር አንዴም ቢሆን እጁን የሚያይ ሰው ይኑር።

ቤት ውስጥ ሃያ ደቂቃ የሚስን የቤት ሥራ ትሠራለች። ከዚያ በሩ ይዘጋል። የተዘጋው በር የሷ ነው። አንገባም። «ያንን ተይና የሚስን ሥሪ» አንልም። ባለቤቴ ይህን ለመልመድ ጊዜ ወስዶበታል፤ የከፈልንበት ሰዓት ለጨዋታ የሚሄድ ይመስለው ነበር። ጥቁሮቹ የተገኙት በዚያ ዓይነት ሰዓት መሆኑን እየደጋገምኩ አስታውሰዋለሁ።

ለባልደረባዬ አስተማሪ ስትመርጪ አንድ ነገር ብቻ እይ አልኳት። መጀመሪያ ቀን ልጁ ሲጫወት የአስተማሪው ዓይን የት ነው? መጽሐፉ ላይ ነው ወይስ የልጁ እጅ ላይ?

ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይገባበታል፤ እሱን አድርገን ሻማ ልፈልግ ወጥ ቤት ገባሁ። ሳሎኑ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ሚጣ ግን ጀመረች። ጥቁሮቹን በጣቷ እየዳሰሰች፣ ሁለቱን ከሦስቱ ለይታ፣ ቦታዋን አገኘች። ያቺን የመጀመሪያዋን ትዝታ ነው። ትንሽ ሄደችና ዜማው ተለወጠ፤ ከፋው። ሚስ ባለፈው ቅዳሜ ያሳየቻት ነው፤ ከአምስቱ ጥቁሮች ሦስተኛውንና አምስተኛውን ትቶ በግራቸው ያሉትን ነጮች መንካት። ትዝታ ማይነር ይሆናል። አውራ ጣቷ በጨለማው ውስጥ በሥር ሾልኮ ሲያልፍ አላየሁትም፤ ግን ዜማው አልተቆራረጠም።

ስታቆም ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ጎረቤታችን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ።

«ሚጣ፣ እሱን ድገሚው» አሉ።